ለንጉሥ ተጽፎ ለዓለም የተላከ ደብዳቤ

የግልጽ ደብዳቤ አድራሻ ያታልላል። ሰላምታው፣ ማዕረጉ፣ «ግርማዊነትዎ» የሚለው አክብሮት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ያመለክታል፤ የሚጻፈው ግን ያ ሰው አምኖ እንዲመለስ ተብሎ አይደለም። ተቀባዩ ነገሩን ከጸሐፊው አብልጦ ያውቀዋል፤ ካላወቀውም ማወቅ አይፈልግም። ዳኛው ሌላ ነው፦ ከሳሽንም ተከሳሽንም በአካል የማያውቅ፣ ጋዜጣውን ገዝቶ ከጎን የሚያነብ ሰው። በላ ልበልሃ ሲባል የኖረበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተሟጋቹ ፊቱን ወደ ባላጋራው አዙሮ ቢናገርም ቃሉ የሚመዘነው በዳኛውና ዙሪያውን በተቀመጠው ሰው ነበር። አንደበቱ የተባ ሰው ይደነቃል፤ ምስክርህን ቁጠር፣ ዋስህን ጥራ ሲባል ባዶ እጁን ከቀረ ግን ያ ሁሉ ቅኔና ተረት አያድነውም። ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች የድርሰት ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጉዳይ ላይ አጥንተው አሳማኝ ግልጽ ደብዳቤ እንዲጽፉ መታዘዛቸው የተለመደ ነው፤ ለአርአያነትም ማርቲን ሉተር ኪንግ ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፈው ደብዳቤ ይሰጣቸዋል። ተማሪው ከዚያ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ግለቱንና የዓረፍተ ነገሩን ዜማ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን የግልጽ ደብዳቤ ጉልበት ብዕር ከመነሳቱ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ያርፋል የሚል ነው፤ ማስረጃውም አንድ ብዙ ያልተነገረለት ደብዳቤ ነው፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልያምስ በ1890 ለቤልጅጉ ንጉሥ ለዳግማዊ ሌኦፖልድ የጻፈው።

ዊልያምስ በ1849 በፔንሲልቬንያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ14 ዓመቱ ዕድሜውን ደብቆ በሰሜኖቹ ጦር ተመልምሎ በእርስ በርሱ ጦርነት ተዋጋ። በ1874 ቦስተን አጠገብ ካለው የኒውተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ሰባኪ ሆነ፣ ጋዜጠኛ ሆነ፣ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ፤ ለኦሃዮ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በመመረጥም የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ጸሐፊነቱ ነው። ከ1619 እስከ 1880 ያለውን የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ በሁለት ቅጽ ሲያወጣ ከ12,000 በላይ መጻሕፍት ማገላበጡን በመቅድሙ ተናግሯል። ሰውየው ራሱን ማግነን ይወድ ስለነበር ቁጥሩን በጥርጣሬ ማየት ይቻላል፤ ልማዱን ግን ያሳያል። የጥቁር ወታደሮችን ታሪክ ሲጽፍም የዘመቱትን ሰዎች ፈልጎ የሚጠይቅ፣ የጦር መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ነበር። ኮንጎ ሲደርስ ዓይኑም ጆሮውም በዚህ የሠለጠነ ነበር ማለት ነው።

ሌኦፖልድ በዚያን ጊዜ በዓለም ፊት የተመሰገነ ሰው ነበር። ኮንጎን እግሩ ሳይረግጣት የግሉ አድርጓታል፤ ያደረገውም በበጎ አድራጊነት ስም ነው። ባርነትን አጠፋለሁ፣ ነጻ ንግድ እከፍታለሁ፣ ሥልጣኔ አስገባለሁ ብሎ ነበር። አሜሪካ በሚያዝያ 1884 ባንዲራውን ከሁሉ ቀድማ አወቀችለት፤ የበርሊን ጉባኤም በ1885 መጀመሪያ ሲበተን ይዞታው ጸንቶለት ነበር። ዊልያምስም እንደ ሌላው ሰው አምኖ ነበር። በ1889 ብራሰልስ ሄዶ ንጉሡን አነጋግሮት ተደነቀ፤ ድንቅ ንጉሥ ነው ብሎ በጋዜጣ ጻፈለት። የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ ኮንጎ ወስዶ የማሠራት ሐሳብም ነበረው፤ ለዚህ ሲል በቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሃምፕተን ተቋም ሄዶ ተማሪዎችን ሰበሰበ። ተማሪዎቹ ግን ስለ አገሩ ጠየቁት፤ እሱም መልስ አልነበረውም። እቅዱን አቆይቶ መጀመሪያ ራሱ ሄዶ ለማየት ወሰነ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚያ የክፍል ውይይት ነው። ዊልያምስን ከአድናቂነት ወደ መርማሪነት ያዞረው ቁጣ አይደለም፤ ገና የሚቆጣበት ነገር አላየም ነበር። ያዞረው ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ ነው። አቋም ይዞ ማስረጃ ፍለጋ የሚወጣ ሰው የፈለገውን ብቻ ያገኛል፤ ዊልያምስ የወጣው በተቃራኒው አቋም ነበር፤ ኋላ የመሰከረውም በራሱ የቀድሞ ቃል ላይ ነው።

በብራሰልስ ያሉ የንጉሡ ሰዎች ጉዞውን ሊያስቀሩት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ኮሊስ ሃንቲንግተን የተባለው የአሜሪካ የባቡር ባለሀብት የጉዞውን ወጪ ረዳውና በ1890 መጀመሪያ ጉዞ ጀመረ። ከኮንጎ ወንዝ አፍ ተነሥቶ፣ ጀልባ የማያሳልፈውን የፏፏቴ አገር በእግሩ አቋርጦ፣ ከዚያም በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ ተጉዞ ዛሬ ኪሳንጋኒ እስከምትባለው እስከ ስታንሊ ፏፏቴ ደረሰ። (ጆሴፍ ኮንራድ፣ ኋላ በልብ ወለዱ ያንን ወንዝ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ሰው፣ በዚያው ዓመት በዚያው ወንዝ ላይ ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዊልያምስ አልዘገየም።) ሐምሌ 18 ቀን 1890 እዚያው ስታንሊ ፏፏቴ ላይ ሆኖ ደብዳቤውን ፈረመ። ሰላምታው ንጉሥ ለንጉሥ እንደሚጽፈው ያለ የተከበረ ወዳጅነት ሰላምታ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው 12 ክስ ነው፤ እያንዳንዱም በቁጥር ተለይቶ ተቀምጧል።

ክሶቹ ሲነበቡ መጀመሪያ የሚታየው ልካቸው ነው። ዊልያምስ አገዛዙ ጨካኝ ነው ብሎ አያልፍም። ከወንዙ አፍ እስከ ሰባተኛው ፏፏቴ ባለው 1,448 ማይል ውስጥ ለአውሮፓውያን አንድም ሆስፒታል እንደሌለ፣ ለመንግሥቱ ሲያገለግሉ ለታመሙ አፍሪካውያን ያሉት ሦስት ዳስ ብቻ እንደሆኑ፣ እነሱም ለፈረስ እንኳ እንደማይበቁ ይናገራል። በዋና ከተማው በቦማ አንድም የአገሬው ሰው በመንግሥት ሥራ እንዳልተቀጠረ ይጽፋል። ባርነትን ያጠፋል የተባለው መንግሥት ለወታደርነት የሚሆን ጠንካራ ባሪያ በነፍስ ወከፍ 3 ፓውንድ እየከፈለ እንደሚገዛ፣ በቅርቡም 316 ባሪያዎች ወንዙን ቁልቁል እንደተላኩ ያስቀምጣል። ሁለት የቤልጅግ የጦር መኮንኖች በጀልባቸው ላይ ሆነው በታንኳ የሚሄድ ሰው አዩ፤ እንመታዋለን አንመታውም ብለው በ5 ፓውንድ ተወራረዱ፤ ሦስት ጥይት ተተኮሰ፤ ሰውየው ራሱን ተመቶ ሞተ። የዊልያምስ አጻጻፍ ይህን ያህል ደረቅ ነው። የአገሬው አለቆች መሬታቸውን በምን ዓይነት ማታለያ እንደፈረሙም ይተርካል፤ ነጩ ሰው ከልብሱ ሥር ባትሪ ደብቆ እጅ ሲጨብጥ ንዝረት ያስተላልፋል፣ በመስተዋት ፀሐይን ሰብስቦ ሲጋራ ይለኩሳል፤ በዚህ አስፈራርቶና ጥቂት ሣጥን ጂን ሰጥቶ አገር ያስፈርማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኮንጎ ሰዎችን ራሳቸውን ጠይቋል፤ መሬታችን በግድ ተወሰደ፣ ይህን መንግሥትም ባንዲራውንም አንወድም ማለታቸውን ጽፏል። በዚያ ዘመን ስለ ኮንጎ የጻፉት ተጓዦች በጠቅላላ ስለ አገሬው ሰው ጽፈዋል፤ አገሬውን ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነገር የደብዳቤውን ግንባታ የሚመለከት ነው። ዊልያምስ ክሱን ከመዘርዘሩ በፊት እያንዳንዱ ነገር በጥንቃቄ መመርመሩን፣ የታመኑ ምስክሮች ዝርዝር፣ ሰነድ፣ ደብዳቤና የመንግሥት መዝገብ መዘጋጀቱን ይገልጽና ይህ ሁሉ ዓለም አቀፍ መርማሪ ጉባኤ እስኪቋቋም ድረስ በእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዘንድ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ ይላል። ይህ ዋስ መጥራት ነው። «እመኑኝ» አይልም፤ «መርምሩኝ» ነው የሚለው። ሌኦፖልድን የሚመዝንበትን ሚዛንም ራሱ አልፈጠረውም፤ ንጉሡ የተቀበለውን የበርሊን ውል፣ ንጉሡ በአደባባይ የገባውን ቃል ወስዶ ከተደረገው ጋር ጎን ለጎን ያኖረዋል። አንባቢው ጥቁር ሕዝብን መውደድ አይጠበቅበትም፤ ውል ይከበር የሚል ሰው መሆኑ ብቻ ይበቃል። በመጨረሻም ይግባኙን ለውሉ ፈራሚ መንግሥታት፣ ለፀረ ባርነት ማኅበራት፣ ለክርስቲያኖችና በየአገሩ ላለው ሕዝብ ያቀርባል። ለንጉሡ የሚለምነው ነገር የለም።

ዳኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያው ወቅት የእኛንም አገር ነክቷል። ዊልያምስ ወንዙን ሽቅብ ሲጓዝ መንግሥታቱ በብራሰልስ ስለ ባሪያና ስለ መሣሪያ ንግድ እየመከሩ ነበር፤ ኢጣሊያ ደግሞ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዛ በኢትዮጵያ ስም የምናገረው እኔ ነኝ ትል ነበር። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1890 ስለዚሁ አንቀጽ ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ፤ በ1891 ደግሞ የአገራቸውን ወሰን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ለአውሮፓ መንግሥታት ላኩ። ማኅተም ያለው ንጉሥ በማኅተሙ ይናገራል፤ ከደብዳቤው ኋላም ጦር እንዳለው ተቀባዩ ያውቃል፤ አድዋም ይህን አሳየ። ዊልያምስ ማኅተምም ጦርም አልነበረውም፤ ይህን የሚተካለት ደግሞ የአንባቢው ፍርድ ብቻ ነበር። ግልጽ ደብዳቤ ሥልጣን የሌለው ሰው መሣሪያ ሆኖ የቆየው በዚህ የተነሣ ነው፤ ማስረጃ ለእሱ ጌጥ ሊሆን የማይችለውም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ታዲያ ምን አመጣ? ደብዳቤው በአውሮፓና በአሜሪካ ታትሞ ተሠራጨ፤ የኒውዮርክ ጋዜጦች ጻፉበት፤ በቤልጅግ ፓርላማም ጉዳዩ ተነሣ። ሌኦፖልድ ግን ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ያህል ኮንጎን ይዞ ቆየ፤ ጎማ በግዳጅ የተሰበሰበበት ዘመን እልቂት ገና ፊት ነበር። ዊልያምስ ራሱ በነሐሴ 1891 በእንግሊዝ አገር በብላክፑል ከተማ በ41 ዓመቱ ሞተ። እንግዲህ በጥናት የተደገፈው ደብዳቤ አልሠራም ማለት ይቻላል። መልሱን የምፈልገው ንጉሡ ከሰጠው ምላሽ ውስጥ ነው። በኮንጎ ለሌኦፖልድ የሠራው አሳሽ ስታንሊ ነገሩ ገንዘብ ለማግኘት የተደረገ ማስፈራሪያ ነው አለ። የብራሰልስ ጋዜጦች ደግሞ ሰውየውን ያዙት፤ ኮሎኔል የሚለውን ማዕረግ ከየት አመጣው አሉ። ይህ ጥያቄ መሠረት ነበረው፤ ዊልያምስ በማዕረጉም በትምህርቱም ያልሆነውን ነኝ የሚል፣ ዕዳም የነበረበት ሰው ነበር። ያም ሆኖ የማዕረጉ ሐሰት በ1,448 ማይል ውስጥ ሆስፒታል አያቆምም። የኮንጎ መንግሥት ሹማምንት በሰኔ 1891 የ45 ገጽ መልስ አዘጋጅተው ለፓርላማ አቀረቡ። አንድ ማዕረጉ የተጠረጠረ ብቸኛ ተጓዥ ለጻፈው ነገር 45 ገጽ! ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ያልፍ ነበር፤ መልስ ያስገደደው በቁጥርና በቦታ የተነገረ መሆኑ ነው። የግል ጉድለቱ ደብዳቤውን ሳይገድለው ደብዳቤው ጸሐፊውን አልፎ የቆመበትም ምክንያት ይኸው ነው። በጸሐፊው ምስክርነት ላይ ብቻ የቆመ ደብዳቤ ቢሆን ከኮሎኔልነቱ ጋር አብሮ ይወድቅ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዞላ በኩል ይመጣል፤ ጠንካራውም ይህ ነው። ኤሚል ዞላ በጥር 13 ቀን 1898 በሰላይነት ያለ ጥፋቱ ስለተፈረደበት አንድ የጦር መኮንን ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በሎሮር ጋዜጣ ያወጣው «እከሳለሁ» የተባለው ደብዳቤ የቁጣ ደብዳቤ ነው፤ ጋዜጣው በዚያ ቀን ወደ 300,000 ቅጂ ተሠራጨ፤ የፈረንሳይን ፖለቲካም አናወጠ። ስሕተትም ነበረበት፤ ዞላ ዋናውን ጥፋት የጫነው ዱ ፓቲ ደ ክላም በተባለው መኮንን ላይ ሲሆን በተፈረደበት ሰው ላይ የቀረበውን ሐሰተኛ ሰነድ የሠራው ሻለቃ አንሪ እንደነበር ከወራት በኋላ ተረጋገጠ። እንግዲያው ግለት ያለ ጥናት ይበቃል? እኔ አይመስለኝም። ዞላ ብዕሩን ሲያነሣ ሌሎች ለዓመታት ቆፍረውለት ነበር፦ በርናር ላዛር በ1896 የክሱን ባዶነት በትንሽ መጽሐፍ ዘርዝሮ አውጥቷል፤ ፒካር የተባለው መኮንን ለክሱ መነሻ የሆነው የእጅ ጽሑፍ የሌላ መኮንን፣ የኤስተርሃዚ፣ መሆኑን ከጦሩ ውስጥ ሆኖ ደርሶበታል፤ ሼረር ኬስትነር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጉዳዩን ይዞ ተሟግቷል። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ማስረጃው በፍርድ ቤት በይፋ የሚሰማበት መንገድ። ዞላ በስም እየጠራ የከሰሰው፣ በደብዳቤውም መጨረሻ በ1881ዱ የፕሬስ ሕግ አንቀጽ 30 እና 31 መሠረት እንደሚከሰስ አውቆ እንዳደረገው የጻፈው ለዚህ ነው። ተከሰሰ፣ አንድ ዓመት እስርና 3,000 ፍራንክ ተፈረደበት፣ ወደ እንግሊዝም ሸሸ፤ ግን ምስክሮቹ ቃላቸውን ሰጡ፣ ቃላቸውም በየጋዜጣው ወጣ። ያ ግለት በጥናት ላይ የተጫነ ነበር፤ ጥናቱ የሌሎች ስለሆነ ብቻ ከዓይን ተሰወረ። የድርሰት ተማሪው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ «እከሳለሁ» የሚለውን ድግምግሞሽ ይቀዳና ላዛርን ይረሳል።

የኪንግ ደብዳቤም ከላይ ሲታይ ተቃውሞውን የሚያጠናክር ይመስላል። በሚያዝያ 1963 የታሰረው ሰው መጽሐፍ አልነበረውም፤ ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች ያወጡትን መግለጫ አይቶ መልሱን በጋዜጣ ኅዳግ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሆኖም ኪንግ ስለ ሰላማዊ ትግል ደረጃዎች ሲያስረዳ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው በደል መኖሩን ለማወቅ መረጃ መሰብሰብን ነው፤ ወዲያው ደግሞ በበርሚንግሃም ስለሚፈነዱት የጥቁሮች ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ስለተደረገው ድርድርና ስለታጠፈው ቃል ይዘረዝራል። በእስር ቤት መጽሐፍ ያላስፈለገው ከመታሰሩ በፊት የተሠራው በአእምሮው ስለነበር ነው። ከዊልያምስ የሚበልጥበት ነገርም አለ፤ የተቃዋሚዎቹን ቃል አንድ በአንድ አንሥቶ፣ አክብሮ፣ ከዚያ ይመልሳል። ዊልያምስ ይህን አላደረገም፤ ንጉሡ ምን ሊል እንደሚችል ቀድሞ ቢያስብ ኖሮ ስለ ራሱ ማዕረግም ይጠነቀቅ ነበር። እሱ የጻፈው የክስ ማመልከቻ ነው፤ ኪንግ የጻፈው ክርክር ነው።

ወደ ኮንጎ ስንመለስ፣ የዊልያምስን ቃል ያጸኑት በሌላ መንገድ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኤድመንድ ሞረል የተባለ የሊቨርፑል የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ በአንትወርፕ ወደብ የጭነት መዝገብ ሲያመሳክር ጎማና የዝሆን ጥርስ ጢም ብሎ ይመጣል፣ ወደ ኮንጎ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ሆኖ አገኘው፤ ንግድ ቢሆን ኖሮ የሸቀጥ ዋጋ መታየት ነበረበት። ከዚያ ተነሥቶ ኮንጎ በግዳጅ ሥራ የምትዘረፍ አገር ናት አለ። የእንግሊዙ ቆንስል ሮጀር ኬስመንት አገሩን ዞሮ ያዘጋጀው ሪፖርት በ1904 ታተመ። ሌኦፖልድ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንኳ በ1905 በደሉን መካድ አልቻለም፤ በ1908 ኮንጎ ከእጁ ወጥታ ለቤልጅግ መንግሥት ተላለፈች። ዊልያምስ በዚያ ዘመቻ ብዙም አልተነሣም፤ ስሙ ተረስቶ ቆይቶ የታሪክ ተመራማሪው ጆን ሆፕ ፍራንክሊን ከ1945 ጀምሮ ዱካውን ተከታትሎ የሕይወት ታሪኩን በ1985 አወጣ፤ ጉድለቱንም አልሸፈነለትም። ሌኦፖልድ በበኩሉ ኮንጎን ከማስረከቡ በፊት የኮንጎን መንግሥት መዛግብት በብራሰልስ በእሳት አስቃጠለ፤ ቃጠሎው ለስምንት ቀን ያህል ቀጠለ። የቅኝ አገዛዙን የመጀመሪያ ዓመታት የሚያጠና ሰው ዛሬ የመንግሥቱን ወረቀት በሙሉ አያገኝም፤ የዊልያምስን ደብዳቤ ግን ያገኛል፤ በ1890 ማስረጃ እየጠራ የተጻፈው ክስ አሁን ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።